ሁለት ታለር፣ ሁለት ክብደት፤ አንዱ ሐሰተኛ ነው እንዴ?

የሌሊት ፈረቃ (ሃለ፣ ጀርመን)

ሰላም ጎበዝ። የድሮ ሳንቲም የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ከማያቸው ሽማግሌዎች አንዱ የድሮ ማዕድን ቆፋሪ ናቸው። ከሃለ ወደ ምዕራብ በባቡር ስትሄዱ አይስሌበን አካባቢ ሜዳው ላይ ለብቻቸው የቆሙ ፒራሚድ የሚመስሉ ክምሮች ታያላችሁ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ተራራ መስለውኝ ነበር። ለካ ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ነው። ከ100 ሜትር በላይ የሚቆም አለ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ደወሉን ይጫናሉ። ውኃ አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ስለ ጉድጓዱ ያወሩልኛል። ስወጣ እንደ ሰው «ደህና እደር» አይሉኝም፤ «ግሉክ አውፍ» ነው የሚሉኝ። የማዕድን ሰዎች ሰላምታ ነው።

አንድ ሌሊት ምን አሉኝ፦ በድሮ ጊዜ ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ብር ታለር ይመታ ነበር፤ ላዩ ላይም «የማንስፌልድ ማዕድን በረከት» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኔ ደግሞ ታለር ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። አያቴ አንገቷ ላይ ሦስት ጠገራ ብር ነበራት፤ ማርትሬዛ። ልጅ ሆኜ ወፍራሟን ሴትዮ በጥፍሬ ስፍቅ እጄን ትመታኝ ነበር።

በቃ፣ ያን ሰሞን ሥራዬ ታለር ፍለጋ ሆነ። እሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ፣ ዝገት የበላው ቁልፍና ማንኪያ የሞላበት ካርቶን ሥር አንዱን አገኘሁ። በፈረንጆች የ1847 ዓመት፣ የማንስፌልድ፣ ፊቱ ላይ ካለው ንጉሥ አንገት ሥር ኤ የምትል የላቲን ፊደል ያለችበት። 80 ዩሮ አለኝ፣ በ65 ተስማማን። አንድ ነውር አለው። ከንጉሡ ራስ በላይ ጠርዙ ላይ ጠባሳ አለ፤ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረና የተነቀለ ይመስላል።

አሁን የራሴን ጅልነት ልናገር። ሳንቲሙ ጥቁር ነበር። አያቴ ጠገራዋን በአመድ ስታሽ አይቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ዘመናዊ ሆኜ በጥርስ ሳሙና ፈተግሁት። የጀርባውን ግማሽ እንደጨረስኩ እንደ አዲስ ማንኪያ ሲያብረቀርቅ ደነገጥኩና ተውኩት። አሁን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። የሜዳ አህያ በሉት።

ሁለተኛውን ኢንተርኔት ላይ ነው የገዛሁት፣ በ95 ዩሮ። የሳክሶኒ ነው፣ 1868፣ ንጉሥ ዮሐን። ጀርባው ላይ ሁለት የማዕድን ሠራተኞች ግራና ቀኝ ቆመው የንጉሡን አርማ ይዘዋል። ሲያምር! ግን ሁለቱንም መዘንኳቸው። የማንስፌልዱ 22.1 ግራም፣ የሳክሶኒው 18.4። ስፋታቸው እኮ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 34 እና 33 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም ታለር ናቸው። አራት ግራም ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነገር የት ገባ? ሻጩን ብጠይቀው «ሁሉም ትክክል ነው» ብቻ ብሎ ዝም አለ። መመለሻ ቀኑ ዓርብ ያበቃል።

ተሸውጃለሁ ወይስ አልተሸወድኩም? ባለ ጠባሳውስ ሰው ፊት የሚወጣ ነው? ለሽማግሌው ለማዕድን ሠራተኛ ክብር የተመታ ሳንቲም ላሳያቸው ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ ሐሰተኛ ይዤ ሄጄ እንዳላፍር ነው።


ጋሼ ሚዛን (ኑርንበርግ)

ልጄ፣ ክብደቱ ብቻ ከሆነ ያስፈራህ ሳንቲሙን አትመልስ። በመሃል ሕግ ተለውጧል፣ ነገሩ እሱ ነው።

የ1847ቱ በድሮው ሥርዓት የተመታ ነው። ያኔ ከአንድ ማርክ ንጹሕ ብር 14 ታለር ይወጣ ነበር። ማርክ ስልህ ገንዘቡን አይደለም፤ የኮሎኝን የክብደት መለኪያ ነው፣ 233.8 ግራም ገደማ። ለ14 አካፍለው፣ 16.7 ግራም ይሆናል። ይኼ ንጹሑ ብር ነው። ከዚያ ሩብ እጁን መዳብ አደረጉትና ሙሉ ክብደቱ 22.27 ግራም ሆነ።

በ1857 የጀርመን መንግሥታትና ኦስትሪያ ቪየና ላይ ተዋዋሉና ማርኩን ጥለው የ500 ግራም ፓውንድ ያዙ። ከአንድ ፓውንድ ንጹሕ ብር 30 ታለር። አሁንም አካፍል፤ 16.67። መዳቡን ግን ከሩብ ወደ አሥረኛ እጅ አወረዱት፤ ሙሉ ክብደቱ 18.52 ሆነ። ስለዚህ የጠፋብህ መዳብ ነው። ብሩ ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ካላመንከኝ የሳክሶኒውን ጀርባ በመነጽር እየው። ሦስት ኤክስ ተደርድረው ታገኛለህ። በሮማውያን ቁጥር 30 ነው፤ «30 ከአንድ ፓውንድ ንጹሕ» ማለቱ ነው። በዚህ ውል የተመታውን ታለር ከድሮው የሚለይልህ እሱ ነው። የማንስፌልድ ታለርም ራሱ በመሃል ክብደቱን ለውጧል። ከ1826 እስከ 1862 ነው የተመታው፤ እስከ 1856 ያለው ከባዱ፣ ከ1857 ወዲህ ያለው ቀላሉ ነው። ስንቱ ጀማሪ እዚህ ላይ መሰለህ የሚደነግጠው። እኔም ደንግጫለሁ፣ በ1998 ነበር፣ ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም።

ትንሽ መጉደላቸው ደግሞ አያስገርምህ። ጀርመን ወደ ማርክ ከዞረች በኋላም ታለር በ3 ማርክ ሒሳብ እስከ 1907 ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። በስንት ኪስ አልፏል።

አሁን ጠርዙን አንብብ። የማንስፌልዱ የፕሩሲያ መንግሥት ሳንቲም ነው፤ እሱ ላይ «ጎት ሚት ኡንስ» ይላል፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። የሳክሶኒው ላይ «ጎት ዜግነ ዛክሰን»፤ እግዚአብሔር ሳክሶኒን ይባርክ። በቅርጽ የተቀዳ ሐሰተኛ የሚጋለጠው ጠርዙ ላይ ነው። ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ወይም ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ይዞር ይሆናል። ፊቱ ላይ ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ቀዳዳ ካየህ በፍጥነት መልሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፕሩሲያው ኤ ፊደል ከተማ ነው፤ በርሊን። የሳክሶኒው ላይ ንጉሡ ሥር ያለችው ቢ ግን ሰው ናት። የድሬስደን ገንዘብ መምቻ ኃላፊ የነበረው የቡሽክ ስም መጀመሪያ ነች። ከሱ በፊት በፊሸር ጊዜ ኤፍ ነበረች። ከተማ ነው ብሎ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሞልቷል።

የጥርስ ሳሙናውን ጉዳይ እንዳላነበብኩ ቆጥሬዋለሁ።


ኤሚሬትስ (ዱባይ)

ይቅርታ ግን ለአሮጌ ሳንቲም 65 ዩሮ? ቢቀልጥ ስንት ያወጣል?


ጋሼ ሚዛን (ኑርንበርግ)

16.7 ግራም ብር ነው ወንድሜ፤ ስልክህ ላይ የዕለቱን ዋጋ አባዛው። የተረፈው የታሪክ ነው። እንደው ስለ ዋጋ ካነሳህ አይቀር ለጠያቂው የሚጠቅም ልናገር። ጨረታ ዝርዝር ላይ «ሄንከልሽፑር» የምትል ቃል አለች፤ የማንጠልጠያ ምልክት ማለት ነው። ነጋዴ ያቺን ቃል ሲጽፍ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እኔ ግን ከዚያች ቃል ጋር ስንት ሳንቲም በርካሽ አግኝቻለሁ! ለመሸጥ የምትሰበስብ ከሆነ አትንካው። ለማየት ከሆነ ግን ከጠባሳው በቀር ያው ሳንቲም ነው።


ጸደይ (ድሬስደን)

ፍራይበርግ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ስለ ሳክሶኒው ትንሽ ልበል። (ጥቁር ደን አጠገብ ያለችው ፍራይቡርግ አይደለችም። እናቴ እስከ ዛሬ ለዘመድ የምትናገረው ያንን ነው፤ ማረም ትቻለሁ።)

ፍራይበርግ ብር የተገኘው በ1168 ነው። የተማርኩበት የማዕድን ትምህርት ቤት ራሱ በ1765 የተቋቋመ ነው። ጀርመኒየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ክሌመንስ ቪንክለር በ1886 ያገኘው እዚያው አካባቢ ካለ ጉድጓድ በወጣ የብር ማዕድን ውስጥ ነው። ማለቴ ከተማው ከመሬት በታች ነው የሚያስበው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማህም፣ «ለማዕድን ሠራተኛ ክብር የተመታ» ያልከው ላይ። የእነዚህ ሳንቲሞች ስም አውስቦይተታለር ነው። አውስቦይተ ማለት ደግሞ ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ ለጉድጓዱ ባለድርሻዎች የሚከፋፈለው ትርፍ ነው። «የማዕድን በረከት» ሲል በረከቱ የደረሰው ለማን እንደሆነ ገምት። ሁለቱ ሠራተኞች ጀርባው ላይ አሉ፣ እውነት ነው፣ በጣም ያምራሉ። ግን ተሸክመው የቆሙት የንጉሡን ጋሻ ነው። እኔ ሁልጊዜ ስመለከተው ሥራ ላይ ያሉ ነው የሚመስለኝ።

ልብሳቸውን ግን ወድጄዋለሁ። ዛሬም ገና ሲቃረብ ፍራይበርግ ውስጥ የማዕድን ሰልፍ አለ፤ ሰዎቹ በድሮው የሰልፍ ልብስ በችቦ ይወጣሉ። ከኋላ ቂጣቸው ላይ ቆዳ አንግበዋል። ስሙም በጀርመንኛ ቃል በቃል «የቂጥ ቆዳ» ነው፣ ማንም አያፍርበትም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡና በሸርተቴ ሲወርዱ ይጠቅማቸው ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ብርዱ ጣቴን ሊቆርጠው ደርሶ እንኳ ከዚያ ቆዳ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

የሳክሶኒው የማዕድን ታለር የሚያበቃው 1871 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጀርመን ወደ ወርቅ ገንዘብ ዞረች፣ የብር ዋጋ ወረደ፣ የፍራይበርግ ጉድጓዶችም ኪሳራ ውስጥ ገቡ። መንግሥት በ1913 ዘጋቸው። ያንተ 1868 እንግዲህ ወደ ማብቂያው ነው።

የማንስፌልዱ ደግሞ ሌላ ነው። ያ የብር ጉድጓድ አይደለም፣ የመዳብ ነው። ጥቁር ቀጭን የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳቡ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ብር። ሲያቀልጡ ብሩን ለይተው ያወጡታል። የማርቲን ሉተር አባት እዚያው ማንስፌልድ መዳብ በማቅለጥ ነበር የሚኖሩት። ሽማግሌህ ስለ ንጣፉ ቁመት ሳይነግሩህ አይቀሩም፤ ካልነገሩህ ጠይቃቸው።


አንጥረኛው (አዲስ አበባ)

ወንድም፣ ስለ ጠባሳው እኔ ልናገር፤ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሱቄ የሚመጣው ጠገራ አብዛኛው ጆሮ የተበየደለት ነው። አንዳንዱ ሁለቴ ሦስቴ ተነቅሎ እንደገና የተበየደ ነው። ሰው አንገት ላይ የኖረ ብር እንዲህ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ጠባሳውን በጥፍርህ ንካው። ግራጫ ሆኖ ለስለስ ካለህ የተበየደው በስታኞ፣ በቆርቆሮ መበየጃ ነው። ወደ ቢጫ ከሄደ ነሐስ ያለበት ብየዳ ነው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ጥሩ አንጥረኛ በብር በይዶታል። በስታኞ ከሆነ አደራህን እሳት እንዳታስነካው! ስታኞ ሲሞቅ ብሩን ይበላዋል፤ የነበረ ጠባሳ ጉድጓድ ይሆናል። «አጸዳልሃለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምህም አትስጥ። የተፋቀ ብር አይመለስም። እንዳለ ተወው።

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ ራሱ ነው፤ ድኝ አግኝቶት ነው መልኩን የቀየረው። ስትፈትገው የላይኛውን የብር ሽፋን ነው የምታነሳው፣ የጥርስ ሳሙና ደግሞ አሸዋ አለው። ብርሃን ላይ አዘንብለህ እየው፣ ክብ ክብ ጭረት ታያለህ። አያትህ በአመድ ማሸቷን አትይባት። ጠገራ 28 ግራም ነው፣ እሷ ደግሞ የምትለብሰው ጌጥ ነበር፣ ለጨረታ አልያዘችውም። ያንተን ግን በወረቀት ከረጢት አስቀምጠውና ዓመታት ስጠው፤ ነጩም ቀስ እያለ ይጠቁራል። የሚለጠፍ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ እንዳታስገባው፣ አረንጓዴ ነገር ያወጣበታል።

እግረ መንገዴን፣ እንደኛ ሀገር ጀርመንም ሳንቲም ያንጠለጥል ነበር ማለት ነው? ያንገት ነው የእጅ?


ጋሼ ሚዛን (ኑርንበርግ)

የኪስ ሰዓት ሰንሰለት ላይ ወንዶቹ ያንጠለጥሉ ነበር። እዚህ ደቡቡ ውስጥ ደግሞ የቆዳ ሱሪያቸው ላይ በሰንሰለት ሳንቲምና የእንስሳ ጥርስ ይደረድራሉ፤ ዛሬም ሲጨፍሩ ይንቀጫቀጫል። ሴቶቹም ደረታቸው ላይ ያደርጉታል።


የሌሊት ፈረቃ (ሃለ፣ ጀርመን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎንማ ምን ልበልዎ። ዓርብ አለፈ፣ ሳክሶኒውን አልመለስኩትም። ሦስቱ ኤክስ አሉ። ጠርዙም ጥርት ብሎ ይነበባል፣ መስመር የለውም። ሻጩን ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ዝም ያለኝ እሱ ስለሆነ ተውኩት።

አንጥረኛው ወንድሜ፣ በጥፍሬ ነካሁት። ግራጫ ነው፣ ለስላሳ። ስታኞ! እሳት አይነካውም፣ ቃሌ ነው። ጭረቱንም አየሁት፣ ልክ እንዳልከው ክብ ክብ ነው። አፈርኩ።

ከዚያ የማንስፌልዱን ጠርዝ ከጓደኛዬ በተዋስኩት መነጽር አነበብኩ። ማንጠልጠያውን የነቀለው ሰው ሞረድ ተጠቅሟል፤ ቦታው ጠፍጣፋ ሆኗል። ፊደላቱን ቆጠርኳቸው። «ጎት» አለ። «ኡንስ» አለ። መሃል ላይ ያለችው «ሚት» ናት የጠፋችው። «ጋር» የምትለዋ መሆኗ ነው። «እግዚአብሔር» እና «እኛ» ቀርተዋል፣ መሃላቸው የሞረድ ፍቅፋቂ። ሌሊቱን ብቻዬን ስስቅ ባልደረባዬ ምን ነካህ አለችኝ።

ሁለቱንም ይዤ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ጸደይ፣ አንቺ ያልሽው ደረሰ። ሳክሶኒውን በፍጥነት አይተው አስቀመጡት። «እነዚህ የሰልፍ ናቸው» አሉኝ። ሁለቱ ሰዎች ቀጥ ብለው መቆማቸው ነው ያልጣማቸው። «እኛ ጋ ማን ይቆማል?» አሉ። አልጋው ላይ ወደ ግራ ጎናቸው ዞሩና አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሩት። ከፍራሹ በላይ እጃቸውን ዘርግተው ጣራው እዚህ ጋ ነበር ብለው አሳዩኝ፤ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። የአያታቸው ዘመን ሰዎች እግራቸው ላይ ሳንቃ አስረው፣ በጎናቸው ተኝተው እየተሳቡ ነው የሚቆፍሩት የነበረው። ለዚያ ነው የማንስፌልድ ቆፋሪዎች «ጠማማ አንገት» ተብለው የሚጠሩት። ስድብ ነው ወይ ብላቸው፣ «ማን እንዳለው ነው የሚወስነው» አሉኝ።

ባለ ጠባሳውን ግን ለረጅም ጊዜ ያዙት። ጥርስ ሳሙና የነካውን ጎን ገልብጠው ሳቁብኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን የማንጠልጠያው ቦታ ላይ አድርገው ወደፊት ወደኋላ አሹት። እንደ ጸሎት መቁጠሪያ። ምንም አላሉም። የሚቀጥለው ክፍል ደወል ጮኸና መሄድ ነበረብኝ። ሳንቲሙን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ «ጠዋት» አሉኝ። ጠዋት ስገባ ትራሳቸው ሥር ነበር፣ ሞቅ ብሎ።

አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ዓመት ነው፣ የ1862ቱ ማንስፌልድ። ቀላሉ፣ 18.52ቱ። ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ባለ ጠባሳውም ቢሆን፣ እንዲያውም ባለ ጠባሳው ቢሆን።